ዕጢው ከወጣ በኋላ ኬሞ፦ ለማን፣ ስንት ዙር?

የጡት ዕጢው በቀዶ ሕክምና ወጥቷል። ጠርዙ ንጹሕ ነው ተብሏል፤ ሳንባም ጉበትም አጥንትም ታይተው ምንም አልተገኘባቸውም። ታዲያ ጸጉር የሚያረግፍ፣ የሚያስታውክ፣ ነጭ የደም ሕዋስ የሚጨርስ መድኃኒት፣ ያውም ሁለትና ሦስት ዓይነት ተቀናጅቶ፣ ለወራት በደም ሥር የሚሰጠው ለምንድን ነው? ይህን የሚጠይቁት ታማሚዎች ብቻ አይደሉም። የካንሰር ሐኪሞች ራሳቸው ከሃምሳ ዓመት በላይ ሲከራከሩበት ኖረዋል፤ መልሱም ተገለባብጧል። መጀመሪያ «አያስፈልግም» ነበር፤ ቀጥሎ «ለብዙዎቹ፣ ያውም በብዛት» ሆነ፤ አሁን ደግሞ «ለማን እንደሚበጅ እንለይ» ላይ ደርሷል። እዚህ ላይ የሚጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው መልስ የቀዶ ሐኪሞች ነበር። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የባልቲሞሩ ዊልያም ሃልስተድ ያስተማረው ትምህርት ነግሦ ቆየ። በዚህ ትምህርት መሠረት የጡት ካንሰር ከጡት ወደ ብብት ንፍፊት፣ ከዚያም ወደ ሌላው አካል ደረጃ በደረጃ ይጓዛል፤ ስለዚህ አስፍቶ የቆረጠ ያድናል። ጡቱ፣ ከሥሩ ያለው የደረት ጡንቻና የብብት ንፍፊቱ አብረው ይወጡ ነበር። ንፍፊታቸው የተነካ ሴቶች ግን የቱንም ያህል በስፋት ቢቆረጥላቸው፣ ለብዙዎቹ ካንሰሩ ከዓመታት በኋላ በአጥንት ወይም በጉበት ብቅ ይል ነበር። የፒትስበርጉ ቀዶ ሐኪም በርናርድ ፊሸር ይህን አይቶ ነገሩን ከሥሩ ገለበጠው። ዕጢው በእጅ ተዳስሶ በሚታወቅበት ጊዜ ሕዋሶቹ በደም ተበትነው ሊሆን ይችላል፤ በምንም ምርመራ የማይታዩትን እነዚህን የሚደርስባቸው ቢላ ሳይሆን በደም የሚዘዋወር መድኃኒት ነው አለ። በ1975 ይፋ ያደረገው ጥናት ሜልፋላን የተባለ አንድ መድኃኒት፣ በእንክብል መልክ ብቻውን ተሰጥቶ እንኳ፣ በተለይ ላላረጡ ሴቶች ማገርሸቱን እንደሚቀንስ አሳየ።

መድኃኒትን ማቀናጀት ግን ከሌላ በሽታ የተወረሰ ሐሳብ ነው። በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ኤሚል ፍራይ እና ኤሚል ፍራይራይክ የሕፃናትን የደም ካንሰር በአራት መድኃኒት ቅንጅት ማከም ጀመሩ፤ ቪንሰንት ዴቪታና ባልደረቦቹም ሆጅኪን የሚባለውን የንፍፊት ካንሰር በዚሁ መንገድ ያዙት። አንድ መድኃኒት ብቻውን ሲሰጥ ካንሰሩ ለጥቂት ወራት ይጠፋና ይመለሳል። ከብዙ ሚሊዮን ሕዋሶች መካከል ያንን መድኃኒት የሚቋቋሙ ጥቂቶች አይታጡምና፣ ሌላው ሲሞት እነሱ ይራባሉ። አሠራራቸው የተለያየ ሦስትና አራት መድኃኒቶች አንድ ላይ ሲመጡ ግን ሁሉንም የሚቋቋም ሕዋስ የመገኘቱ ዕድል እጅግ ይጠባል። የሚቀናጁት መድኃኒቶች ጉዳታቸው በተቻለ መጠን በአንድ አካል ላይ እንዳይደራረብም ይፈለጋል። አንዱ መቅኔን፣ ሌላው የአፍና የአንጀትን ልባስ፣ ሌላው ነርቭን የሚጎዳ ከሆነ እያንዳንዱን ወደ ሙሉ መጠኑ አስጠግቶ መስጠት ይቻላል።

ይህን ወደ ጡት ካንሰር ያመጣችው የኢጣልያዋ ሚላኖ ናት። ጂያኒ ቦናዶና እና ባልደረቦቹ በ1973 ሳይክሎፎስፋማይድ፣ ሜቶትሬክሴትና ፍሎሮዩራሲልን አቀናጅተው፣ በእንግሊዝኛ ስማቸው የመጀመሪያ ፊደላት ሲኤምኤፍ የተባለውን ሕክምና መስጠት ጀመሩ። የመጀመሪያው የዘረ መል ክር እየያያዘ ሕዋሱ እንዳይከፈል ያደርጋል፤ ሁለቱ ደግሞ ሕዋሱ አዲስ ዘረ መል የሚሠራበትን ጥሬ ዕቃ ያስቀሩበታል። ወጪውን የሸፈነው የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ሲሆን፣ ሥራው ኢጣልያ የሄደው ዴቪታ ኋላ እንደተረከው የአሜሪካ ቀዶ ሐኪሞች ታማሚዎቻቸውን ለእንዲህ ያለ ሙከራ አሳልፈው መስጠት ስላልፈለጉ ነው። ውጤቱ በ1976 ታተመ። ጡታቸው ወጥቶ ንፍፊታቸው ካንሰር የተገኘበት 386 ሴቶች በዕጣ ለሁለት ተከፍለዋል። ሌላ ሕክምና ካላገኙት 179 ሴቶች 24 በመቶው አገርሽቶባቸዋል፤ ሲኤምኤፍ ከወሰዱት 207 ግን ያገረሸባቸው 5.3 በመቶ ብቻ ናቸው።

የክትትሉ ጊዜ አጭር ስለነበር «አዘገየው እንጂ አላስቀረውም» ያሉ ተቺዎች አልጠፉም፤ ተገቢ ጥርጣሬ ነበር። የሚላኖ ሰዎች መልስ የሰጡት በክርክር ሳይሆን በመጠበቅ ነው። በ1995 የሃያ ዓመቱን ውጤት ሲያወጡ ልዩነቱ ጠቧል፤ ግን አልጠፋም። በሕይወት የመቆየቱም ብልጫ አብሮ ታየ። በዚያው ቡድን ሥራ ሌሎች ሁለት ነገሮች ተገኙ። አንደኛው፣ ስድስት ዙር ከአሥራ ሁለት ዙር ያላነሰ ውጤት መስጠቱ ነው፤ ግማሽ ዓመት ስቃይ ተቀነሰ ማለት ነው። ሁለተኛው፣ ከታዘዘላቸው መጠን ቢያንስ 85 በመቶውን የወሰዱት በግልጽ ሲጠቀሙ፣ እየተቀነሰ የተሰጣቸው ያን ያህል አለመጠቀማቸው ነው። ይህ ሁለተኛው ከኋላ ተመልሶ የተሠራ ስሌት በመሆኑ ለብቻው ማስረጃ ሊሆን አይችልም። መጠኑን መውሰድ ያልቻሉት ቀድሞውንም የደከሙት ሊሆኑ ይችላሉና። የመጠን ጥያቄ በዕጣ መፈተን ነበረበት።

ተፈተነም። በ1994 ይፋ የሆነ የአሜሪካ ጥናት ከ1,500 በላይ ሴቶችን በዕጣ ሦስት ቦታ መድቦ አንድ ዓይነት ቅንጅት በዝቅተኛ፣ በመካከለኛና በከፍተኛ መጠን ሰጠ። ዝቅተኛው ቡድን ከሁለቱም አነሰ። ከወለሉ በታች መውረድ ዋጋ ያስከፍላል ማለት ነው። ጣሪያውን ሲፈልጉ ግን ነገሩ ተበላሸ። የፊሸር ቡድን የሳይክሎፎስፋማይድን መጠን ከተለመደው በላይ እጥፍ አድርጎ ቢሰጥ ምንም አልተጨመረም። ሌሎች ከዚያም አለፉ፦ መቅኔን እስኪገድል ድረስ ኬሞ ሰጥቶ፣ ቀድሞ የተቀመጠ የታማሚዋን መቅኔ ወይም ግንደ ሕዋስ መመለስ በ1990ዎቹ ፋሽን ሆነ። በብዙ ሺሕ የሚቆጠሩ ሴቶች፣ ጥናቱ ሳያልቅ፣ በኢንሹራንስና በፍርድ ቤት ሙግት ጭምር ይህን ሕክምና አገኙ። በ1999 አንድ ትልቅ የካንሰር ሐኪሞች ጉባኤ ላይ የቀረቡት ጥናቶች ጥቅም እንደሌለው ሲያሳዩ፣ የጆሃንስበርጉ ቨርነር ቤዝዎዳ ብቻ አስደናቂ ውጤት አለኝ አለ። በ2000 መጀመሪያ የአሜሪካ መርማሪዎች ጆሃንስበርግ ሄደው መዝገቡን ሲያገላብጡ፣ የተባለው ከተጻፈው አልገጠመም። ሰውየው ጥፋቱን አመነ፤ ከዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲም ተሰናበተ። በእኔ ግምት በዚህ ዘርፍ ታሪክ ከሁሉ የከፋው ምዕራፍ ይህ ነው፤ ያውም በአንድ አጭበርባሪ ምክንያት ሳይሆን፣ ሌላው ሁሉ «ብዙ መድኃኒት ይሻላል» የሚለውን ሳይመረምር ለማመን በመቸኮሉ።

መጠን መጨመሩ አልሠራም፤ የጊዜ ክፍተቱን ማሳጠር ግን ሠርቷል። ኬሞ በየ21 ቀኑ የሚሰጠው መቅኔ ነጭ የደም ሕዋስ መልሶ እስኪያመርት ድረስ ነው። ካንሰሩም በዚያው ፋታ ያገግማል። ፊልግራስቲም የተባለው ነጭ የደም ሕዋስን የሚያነቃቃ መርፌ ከመጣ በኋላ ክፍተቱን ወደ 14 ቀን ማውረድ ተቻለ፤ በ2003 የወጣ ጥናትም ያው መድኃኒት፣ በዚያው መጠን፣ በየሁለት ሳምንቱ ሲሰጥ እንደሚሻል አሳየ። የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች በ2019 የ26 ጥናቶችን፣ የ37,298 ሴቶችን መረጃ አንድ ላይ አድርገው ሲመረምሩ፣ በአሥር ዓመት ውስጥ ያገረሸባቸው ከ31.4 ወደ 28.0 በመቶ፣ በጡት ካንሰር የሞቱት ከ21.3 ወደ 18.9 በመቶ ወርደው አገኙ። ከመቶ ሴት ሁለት ያህል ማትረፍ፣ አዲስ መድኃኒት ሳይፈለሰፍ በቀን መቁጠሪያ ብቻ የተገኘ ትርፍ ነው።

ከሲኤምኤፍ በኋላ ዋናው ቦታ ለኤሲ፣ ማለትም ለአድሪያማይሲንና ሳይክሎፎስፋማይድ ቅንጅት፣ ተለቀቀ። አድሪያማይሲን፣ በሌላ ስሙ ዶክሶሩቢሲን፣ ከአፈር ባክቴሪያ የተገኘና ሚላኖ ውስጥ በአንድ መድኃኒት ፋብሪካ ቤተ ሙከራ የተሠራ ነው፤ ስሙንም ከአድሪያቲክ ባሕር ወሰደ። ከሳይክሎፎስፋማይድ ጋር አራት ዙር ብቻ ተሰጥቶ ከስድስት ወር ሲኤምኤፍ ጋር እኩል እንደሚሠራ በ1990 ታወቀ። አንዱን ዙር በቅርብ እንየው። ቁመቷ 1 ሜትር ከ58፣ ክብደቷ 58 ኪሎ የሆነ ሴት የሰውነቷ ስፋት ሲሰላ 1.6 ካሬ ሜትር ይመጣል። መድኃኒቱ በካሬ ሜትር 60 ሚሊግራም ዶክሶሩቢሲንና 600 ሚሊግራም ሳይክሎፎስፋማይድ ስለሆነ 96 እና 960 ሚሊግራም ታዘዘላት ማለት ነው። መጀመሪያ የማስታወክ መከላከያዋን ትወስዳለች። ከዚያ ነርሷ ደም ሥሩ በትክክል መያዙን አረጋግጣ ቀዩን መድኃኒት፣ ዶክሶሩቢሲንን፣ በሲሪንጅ ቀስ እያለች ትገፋለች፤ በየመሐሉ «ያቃጥልሻል?» ትላታለች። ከደም ሥር ውጭ ከፈሰሰ ቆዳንና ሥጋን ያቆስላልና ጥያቄው የወግ አይደለም። በዚያ ቀን ሽንቷ ይቀላል፤ ደም አይደለም። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ጸጉሯ ይረግፋል። ነጭ የደም ሕዋሷ ከአሥረኛው ቀን አካባቢ ከሁሉ ዝቅ ይላል፤ በእነዚያ ቀናት ትኩሳቷ 38 ዲግሪ ከደረሰ እስከ ነገ የሚያስጠብቅ ነገር የለም፣ ወዲያው ሆስፒታል ነው። በአራት ዙር የምትወስደው ዶክሶሩቢሲን በካሬ ሜትር 240 ሚሊግራም ይሞላል። የልብ ድካም ሥጋት በጣም የሚያሻቅበው ከዚህ እጥፍ አካባቢ ስለሆነ ጤነኛ ልብ ላላት ሴት አራት ዙር በደኅናው በኩል ነው፤ የልብ ሕመም ላለባት ግን ሐኪሙ ሌላ መንገድ ይፈልጋል።

ቀጥሎ ታክሴኖች መጡ። ፓክሊታክሰል ከአሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ የዩ ዛፍ ልጥ የተገኘ ሲሆን ሕዋሱ ለሁለት ሲከፈል የሚጠቀምበትን ክር አድርቆ ይይዘዋል። ከኤሲ በኋላ ሲጨመር ማገርሸትን ቀነሰ፤ በ2008 ደግሞ በየሳምንቱ በትንሽ በትንሹ ሲሰጥ በየሦስት ሳምንቱ ከሚሰጠው እንደሚበልጥ ተረጋገጠ። ዋጋው የእጅና የእግር ጣት መደንዘዝ ነው፤ አንዳንዴም ሳይለቅ ይቀራል። ልብን መጠበቅ ለሚያስፈልጋቸው ዶሴታክሰልና ሳይክሎፎስፋማይድ፣ ማለትም ቲሲ፣ ያለ ዶክሶሩቢሲን የሚሰጥ አማራጭ ሆኗል።

የዚህ ሁሉ ድምር ስንት ነው? የኦክስፎርዱ ቡድን በ2012 የ123 ጥናቶችን፣ የ100,000 ያህል ሴቶችን መረጃ ሰብስቦ የሰጠው መልስ፣ ዘመናዊው ቅንጅት በጡት ካንሰር የመሞትን ዕድል በሲሶ ያህል ይቀንሳል የሚል ነው። ሲሶ ትልቅ ነው። ግን የምን ሲሶ? ያለ ኬሞ ከመቶ ሠላሳው የሚሞቱበት ዓይነት ካንሰር ከሆነ አሥር ሴቶች ይተርፋሉ። ስድስቱ ብቻ የሚሞቱበት ከሆነ የሚተርፉት ሁለት ናቸው፤ ዘጠና ስምንቱ ጸጉራቸውንም፣ አንዳንዶቹ የመውለድ ዕድላቸውንም፣ ጥቂቶቹ ልባቸውን ያለ ትርፍ ይከፍላሉ። ሐኪም «ኬሞ ያስፈልግሻል» ሲል መጠየቅ ያለበት ይህ ነው፦ እኔን በመሰሉ ሴቶች፣ ያለ ኬሞ ስንት፣ ከኬሞ ጋር ስንት?

የመጨረሻዎቹ ሃያ ዓመታት ትልቁ ግኝት የመጣውም ከዚሁ ጥያቄ ነው። ታይሎርኤክስ የተባለው ጥናት ከዕጢው የ21 ዘረ መሎችን ሥራ ለክቶ ካንሰሩ የመመለስ ዕድሉን በነጥብ በሚገምት ምርመራ ተጠቅሟል። ከፊል ወጪው የተሸፈነው አሜሪካውያን ትንሽ ጨምረው በሚገዙት የጡት ካንሰር ቴምብር ገቢ ነው። ካንሰራቸው በሆርሞን የሚያድግ፣ ሄርቱ የተባለው ተቀባይ ፕሮቲን በብዛት የሌለበት፣ ንፍፊታቸው ያልተነካ 6,711 መካከለኛ ነጥብ ያገኙ ሴቶች በዕጣ ተከፈሉ። በ2018 ውጤቱ ሲታይ፣ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ካንሰር ሳይመለስባቸው፣ አዲስ ካንሰርም ሳይዛቸው በሕይወት የቆዩት በሆርሞን መድኃኒት ብቻ 83.3፣ ከኬሞ ጋር 84.3 በመቶ ናቸው፤ ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። ዕድሜያቸው ከ50 ያልበለጠና በዚያው መካከለኛ ክልል ውስጥ ነጥባቸው ከፍ ላለ ግን ጥቂት ጥቅም ታይቷል። በ2021 ደግሞ ከአንድ እስከ ሦስት ንፍፊት ተነክቶባቸው ነጥባቸው ዝቅተኛ ወይም መካከለኛ የሆነ ያረጡ ሴቶች ከኬሞ እንደማይጠቀሙ፣ ያላረጡት ግን እንደሚጠቀሙ ታወቀ። ለምን? ኬሞ የእንቁላል ማምረቻን አቁሞ ኤስትሮጅንን ስለሚቀንስ ይሆናል የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ ክርክሩ አልተዘጋም።

ሄርቱ ያለበት ካንሰር ሌላ መንገድ ሄዷል። በ2005 ሄርቱን የሚያጠቃ ትራስቱዙማብ የተባለ መድኃኒት ከኬሞ ጋር ሲጨመር ማገርሸት በግማሽ ያህል ወረደ፤ በ2015 ደግሞ ዕጢያቸው ትንሽ ለሆነ ሴቶች 12 ሳምንት ፓክሊታክሰልና አንድ ዓመት ትራስቱዙማብ ብቻ በቂ እንደሚሆን ከ400 በሚበልጡ ሴቶች ላይ ታይቶ ቀዩ መድኃኒት ለብዙዎች ቀረ። የዓለም ጤና ድርጅት ትራስቱዙማብን በ2015 መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ሦስቱም ተቀባዮች፣ የኤስትሮጅን፣ የፕሮጄስትሮንና ሄርቱ፣ የሌሉበት ካንሰር ግን እስከ ዛሬ ሙሉ ኬሞ ይፈልጋል። አሁን በአብዛኛው ከቀዶ ሕክምና በፊት ይሰጣል፤ ከቀዶው በኋላ የተረፈ ካንሰር ከተገኘም ካፔሲታቢን እንክብል መጨመር እንደሚጠቅም በጃፓንና በደቡብ ኮሪያ በተሠራ ጥናት በ2017 ታይቷል።

ወደ አገር ቤት ስንመጣ የጡት ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከሁሉም ካንሰር በብዛት የሚታየው ነው፤ ብዙዎቹ የሚመጡትም ዕጢው ከገፋ በኋላ ነው። በሺሕዎች ዶላር የሚያወጣው የዘረ መል ምርመራ እዚህ የሚያነጋግር ጉዳይ አይደለም። መጀመሪያ የሚያነጋግረው የሆርሞን ተቀባይ ምርመራ ነው። «የአፍሪካ ሴቶች ካንሰር ሆርሞን አይሰማም» የሚል ግምት ለረጅም ጊዜ ተናፍሷል፤ የአዲስ አበባ ታማሚዎች ዕጢ ሲመረመር ግን ከሦስት ሁለቱ ያህል የኤስትሮጅን ተቀባይ ያላቸው ሆነው ተገኝተዋል። ለእነዚህ ርካሹ ታሞክሲፈን ለአምስት ዓመት ሲወሰድ የሚሰጠው ጥቅም ከኬሞው አያንስም። ስለዚህ ተቀባዩ ሳይመረመር ኬሞ ሰጥቶ ማሰናበት የሕክምናውን ግማሽ መንፈግ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የደም ቁጥር ነው። ብዙ መመሪያዎች ኒውትሮፊል የተባለው ነጭ የደም ሕዋስ በማይክሮ ሊትር 1,500 ካልሞላ የሚቀጥለው ዙር ይቆይ ይላሉ። ግን በብዙ አፍሪካውያን ዘንድ፣ ወደ እስራኤል በገቡት ቤተ እስራኤላውያን ላይም እንደታየው፣ ይህ ቁጥር በተፈጥሮ ዝቅ ያለ ነው፤ ለኢንፌክሽን አያጋልጥም። አሜሪካ ወይም እስራኤል የምትታከም ኢትዮጵያዊት ከኬሞው በፊትም ቁጥሯ ዝቅተኛ እንደነበር ካልተመዘገበ፣ በየዙሩ «ሳምንት ጠብቂ» ልትባል ትችላለች። ከላይ እንዳየነው ደግሞ መዘግየትና መቀነስ ያለ ዋጋ አያልፉም። ከኬሞ በፊት የተሠራ የቆየ የደም ምርመራ ወረቀት ካለ ይዞ መሄድ ለሐኪሙ ይረዳል።

ሦስተኛው ራሱ ጊዜው ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ወደ 25,000 የሚጠጉ ታማሚዎች መዝገብ ሲታይ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ከ90 ቀን በላይ ዘግይተው ኬሞ የጀመሩት የመሞት ዕድላቸው ጨምሮ ተገኝቷል። በእኛ አገር ከክፍለ ሀገር የምትመጣ ሴት የፓቶሎጂ ውጤት ትጠብቃለች፤ ወረፋ ትጠብቃለች፤ መድኃኒቱ ከሆስፒታሉ ሲያልቅ ከውጭ ፋርማሲ ለመግዛት ገንዘብ ትጠብቃለች። ጸጉሯ ሲረግፍ ደግሞ ጠበል ገብታ የምትቀርም አለች። ጸሎቱና ኬሞው አይጣሉም፤ ሁለቱን አስታርቆ የሚመክር ቄስም ነርስም አይጠፋም። የሚጎዳው ተጀምሮ የተቋረጠው ሕክምና ነው፤ ምክንያቱም ጉዳቱ ተከፍሎ ጥቅሙ ይቀራል።

ፍርዴ ይህ ነው። ለኢትዮጵያ ታማሚ ትልቁ ትርፍ ያለው ገና በሚመጡት ውድ መድኃኒቶች ላይ ሳይሆን፣ ኤሲና ፓክሊታክሰልን የመሰሉት አሮጌና ርካሽ ቅንጅቶች በሙሉ መጠን፣ በቀናቸው፣ እስከ መጨረሻው ዙር በመሰጠታቸው ላይ ነው። ለጤና ሹማምንት የምለው፣ የመድኃኒት ግዥ ሲታቀድ የአንድ ታማሚ ዙር ሁሉ አንድ ላይ ይታቀድ፤ በየሆስፒታሉም የተቀባይ ምርመራ ይጀመር። ለታማሚዋና ለቤተሰቧ ደግሞ ኬሞ ከመጀመሩ በፊት አራት ጥያቄ ይዛችሁ ግቡ፦ የተቀባዮቹ ውጤት ምን ይላል? ያለ ኬሞና ከኬሞ ጋር ዕድሉ ስንት ነው? ስንት ዙር ነው፣ የመጨረሻው ቀንስ መቼ ነው? ሌሊት ትኩሳት ቢነሳ ወዴት እንደውል? መልሱን በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ።